ቀርፋፋው ኮምፒውተርና የእቁቡ ብር

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የትዳርና የልጅ ጉዳይ ሲመክሩ እንጂ የዕቃ ጉዳይ ሲመክሩ አይቼ ስለማላውቅ ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። የእኔ ግን ዕቃም ትዳርም ልጅም የተቀላቀለበት ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከወረዳው ፊት ለፊት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል እጽፋለሁ፤ በኢንተርኔት ለመመዝገብ የሚመጣም አለ። ኮምፒውተሬ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አባቴ ከጡረታው አጠራቅሞ፣ ያገለገለ ገዝቶ ሥራ ያስጀመረኝ በዚህ ነው። አባቴ አሁን በሕይወት የለም።

ጠዋት አብርቼው ዎርድ እስኪከፈት ቤቱን ጠርጌ፣ ደጁን ውሃ ረጭቼ እመለሳለሁ። ደንበኛ ቆሞ እያየኝ ስታክ ያደርጋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ኢንተርኔቱም እንቢ ይላል። አንዳንዴ ከውስጡ ቋ ቋ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ ለአንድ ወር ደህና ይሆንና ተመልሶ ያው ነው። አንዱ ጠጋኝ ‹ራም ይጨመርለት› አለኝ፣ ሌላው ‹ሞቷል፣ ለቆራሌው ስጪው› አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የሥራ ማመልከቻ የሚያስገባበት ሰዓት ሊያልፍበት ሲል ‹ይቅርታ እትዬ› ብሎኝ ወደ ጎረቤት ሄደ። ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ወር የ60 ሺህ ብር እቁብ ይደርሰኛል። ባለቤቴ ‹አሮጌ ነገር ላይ ብር አታፍስሺ፣ አዲስ ግዢ› ይላል። እኔ ደግሞ ብሩን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ለምትማረው ልጄ ላፕቶፕ ልገዛበት አስቤ ነበር። እሷ አልጠየቀችኝም፤ ግን ሥራዋን የጓደኛዋን ላፕቶፕ ተራ ጠብቃ እንደምትሠራ አውቃለሁ። የአባቴን ዕቃ መጣል ከብዶኝ ነው ወይስ እውነትም በጥቂት ብር መፍጠን ይችላል?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ያቆመኝ ያ ማመልከቻ ሊያስገባ የመጣው ልጅ ነው። ያን ቀን ያስለቀሰዎት የአንድ ገጽ ዋጋ አልመሰለኝም። ለስምንት ዓመት «እሷ ጋ ሂድ፣ ቶሎ ትጨርስልሃለች» የተባለ ስም ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሣጥን ላይ ከተንጠለጠለ ጉዳዩ የዕቃ ብቻ አይሆንም፤ እንኳን ጻፉልኝ።

መልሱን ላዘግይብዎት አልፈልግም። ከነገሩኝ ምልክቶች ስነሳ ኮምፒውተሩ አልሞተም። የታመመ የሚመስለኝ አንድ ክፍሉ ነው፤ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ። እሱ ደግሞ ይቀየራል፣ የሚወስደውም ከእቁብዎ ጥቂቱን ነው። ይህን የምለው የአባትዎ ዕቃ ስለሆነ ላጽናናዎት ብዬ አይደለም። 7010 በፈረንጆች 2012 የወጣ፣ ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የሚይዝ ማሽን ነው። ፊቱ ላይ «ኮር አይ5» የሚል ተለጣፊ ካለው ውል ለመጻፍ፣ ፒዲኤፍ ለመክፈት፣ ለኢንተርኔት ምዝገባና ለማተም የሚበቃ አቅም ዛሬም አለው። አቅሙን የሚያስርበት ሌላ ነገር ነው።

ግን የእኔን ቃል ብቻ አይመኑ፤ ራስዎ ይዩት። ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩን አብርተው ሲንፏቀቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ይግቡ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክ ተብለው ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ቀርቶ ሲፒዩው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ፕሮሰሰሩ ሥራ አጥቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሜሞሪውም ከ80 በላይ ከሆነ የራሙም እጥረት አለ። ሁለቱንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ይያዙት። ለባለቤትዎም፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝም የሚያሳዩት ማስረጃ ይሆናል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገርዎ፤ የወረዳ ጎረቤት ስለሆኑ ይገባዎታል። መዝገብ ቤት ገብተው ፋይልዎን ሲጠይቁ ሠራተኛው ተነሥቶ መደርደሪያው ድረስ ሄዶ፣ ፈልጎ፣ አንድ ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ሌላ ወረቀት ሲጠየቅ እንደገና ይሄዳል። የድሮው ሃርድ ዲስክ እንዲያ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚሄድ ክንድ አለው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞረው እንኳ አንድ ዙር ለመጨረስ ከሴኮንድ ሺህኛ ስምንት ያህሉን ይወስዳል፤ ክንዱ ቦታውን እስኪያገኝ የሚፈጀው ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ነገሮችን ከየጥጉ ይጠራል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የተጠየቀውን ከሴኮንድ ሺህኛ አንድ አሥረኛ ገደማ ባለ ጊዜ ያቀብላል። ሠራተኛው ሳይነሣ መዝገቡ ሁሉ በእጁ ያለ ያህል ነው። ራም ደግሞ ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ የተከፈተው ፋይል ሁሉ አይበቃውም፣ ትርፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፣ ሠራተኛውም ይበልጥ ይመላለሳል።

ስለዚህ «ራም ይጨመር» ያለዎት ሰው አልተሳሳተም፤ ቅደም ተከተሉን እንጂ። ከዓመታት በፊት የአክስቴን ኮምፒውተር ላፈጥንላት ብዬ መጀመሪያ ራም አስገዛኋት። ቡና አፍልታ፣ ተስፋ አድርጋ ጠበቀችኝ። ስናበራው ያው ነው፤ ችግሩ ዲስኩ ነበር። የዚያን ቀን ፊቷ ዛሬም ድረስ አይረሳኝም፤ ሳይታይ «ይህን ግዙ» ማለት የምፈራው ለዚህ ነው። ፎርማቱም ለአንድ ወር ብቻ የጠቀመዎት መደርደሪያው ስለተጠረገ ነው። ዕቃው ሲመለስ አካሄዱም ተመለሰ፤ ሠራተኛው አልተቀየረምና።

አሁን አንድ ነገር በብርቱ ልለምንዎ። ያ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ አሳስቦኛል። የሚሽከረከር ዲስክ እንዲህ ሲል ብዙ ጊዜ ክንዱ እየተቸገረ ነው፤ ነገ ሊሞት ይችላል፣ ዓመት ሊቆይም ይችላል። ስለዚህ ማንም ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት፣ ምንም ከመግዛትዎ በፊት፣ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። የውጭ ሃርድ ዲስክ የሚያውስዎት ካለ ይዋሱ፤ ከሌለ ትልቅ ፍላሽ ይበቃል፤ የተጻፈ ወረቀት ቦታ አይፈጅም። ዶክመንት፣ ዴስክቶፕና ዳውንሎድ የሚሉትን ፎልደሮች ከነሙሉ ይውሰዷቸው። ስምንት ዓመት የጻፉ ሰው ስለሆኑ አንድ ሌላም አለ፤ ፎንቶችዎ። የቆዩ ውሎችን በቪዥዋል ግዕዝ ወይም ዩኒኮድ (የትኛውም ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል አሠራር) ባልሆነ ሌላ ፎንት ጽፈው ከሆነ ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደርም፣ የአማርኛ መጻፊያውን የፓወር ግዕዝን መጫኛም አብረው ያስቀምጡ። ከገለበጡ በኋላ ሁለት ሦስት ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይሞክሩ። አንድ ደንበኛ የአምና ውሉን ፈልጎ ቢመጣና ቢያጡት ከዘገየው ማመልከቻ ይልቅ ይኼ እንደሚያምዎት አውቃለሁ።

ይህ ከተደረገ ግዢው ቀላል ነው። የሚያስፈልግዎት ሁለት ተኩል ኢንች የሆነ፣ ሳታ በሚባለው የገመድ ዓይነት የሚገባ ኤስኤስዲ ነው። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለእርስዎ ሥራ ይበቃል፤ የሲ ድራይቭዎ ስንት እንደተያዘ አይተው ከዚያ የሚያንስ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያልና መርካቶ ወይም መገናኛ የሚወርድ ዘመድ ካለ ሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቅልዎ። ከሁሉ በላይ «ሁለት ቴራ ነው» ተብሎ በማይታመን ርካሽ የሚቀርበውን አይግዙ። መጠኑን ዋሽቶ የሚያሳይ ዕቃ ገበያ ውስጥ አለ፤ ስሙ የታወቀ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን፤ ቢበላሽ እንደሚቀየር ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ጠጋኙም «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ መጠኑን ሞልቶ ይሞክርልዎ። ለመግጠም ልዩ ነገር አይፈልግም፤ የድሮው ዲስክ የነበረበት ገመድ ይገባበታል። ቦታው ሰፍቶት ቢላቀቅም በማሰሪያ ቢታሰር ይበቃዋል፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አይንቀጠቀጥም።

ራሙ ዲዲአር3 ነው፣ የዴስክቶፕ። አሁን 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 ያድርሱት፤ ከዚያ በላይ ለእርስዎ ሥራ ብር ማባከን ነው። ያገለገለ ቢሆንም አይፍሩ፣ ራም ብዙ አያረጅም። ሻጩ ጋ ሲሄዱ የድሮውን ነቅለው ይዘው ይሂዱና አጠገብ ለአጠገብ ያስተያዩት። ዲዲአር4 ከሆነ ጎድጓዱ ቦታው ስለማይገጥም በጉልበት እንዳይጫን። ሰርቨር ላይ የነበረ ራም በርካሽ ቢቀርብልዎም ይተዉት፤ መልኩ አንድ ነው፣ ይህ ማሽን ግን አይቀበለውም። ዊንዶውሱም ባለ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጡ። 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም፤ ራም ጨምረው ምንም ለውጥ ሳያዩ የሚቀሩ ብዙዎች በዚህ ነው የተያዙት።

ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት ምክንያት ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት፣ አልቃለች። ኢንተርኔቱ እንቢ የሚለውም በእሷ ነው። ብሮውዘሩ የድረ ገጹን የምስክር ወረቀት ቀን ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያመሳክራል፤ ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደ ኋላ ከሆነ «ይህ አይታመንም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ስንት ጊዜ የኢንተርኔት ካርድ አልቆ መስሎዎት ይሆን? ባትሪዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሁሉ ትገኛለች። የመብራቱን ገመድ ነቅለው፣ የድሮዋን አውጥተው፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አዲሷን ማስገባት ነው።

ሣጥኑ ከተከፈተ አይቀር አቧራው ይነፋ፤ ከቤት ውጭ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዞ፣ እርጥብ ጨርቅ ሳይነካው። ፕሮሰሰር መቀየር፣ ግራፊክስ ካርድ መጨመር የሚልዎት ሰው ቢመጣ አመስግነው ይሸኙት፤ ለጽሕፈት ሥራ አያስፈልጉም።

ዊንዶውሱን በተመለከተ ከድሮው ዲስክ እንዳለ ከመገልበጥ አዲሱ ላይ እንደ አዲስ ቢጫን እመርጣለሁ። ዲስኩ ታሟል፣ የደንበኛ ፍላሽ ሲገባበት የኖረ ማሽንም ምን እንደተሸከመ አይታወቅም። ሁለት አንቲቫይረስ ካለው አንዱ ይውጣ፤ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ራሳቸው ያዘገዩታል። ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃዎታል። ደንበኛ ፍላሽ ሲሰጥዎ ሳይከፍቱ በፊት ስካን ማድረግን ልማድ ያድርጉት።

ስለ ዊንዶውስ እውነቱን ልደብቅዎት አልወድም፤ የባለቤትዎ ስጋት መሠረት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የእርስዎ ሦስተኛ ነው። ማይክሮሶፍት ለሚመዘገብ ተጠቃሚ ዝማኔውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሟል፤ ምዝገባው ከሴቲንግ ውስጥ፣ ከዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ይገኛል፤ ዊንዶውሱ እንደተጫነ ያንን ያስመዝግቡ። ክልከላውን አልፎ 11ን በግድ የሚጭን ጠጋኝ አይጠፋም፤ የሰው መታወቂያና ውል በሚያልፍበት ኮምፒውተር ላይ ግን አልመክርም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነፃ ሲስተም በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ በደንብ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ፓወር ግዕዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና እጅዎ የለመደውን አጻጻፍ ሊያውክብዎ ይችላል። ስለዚህ ይህ ጥገና የሚገዛልዎት ጊዜ ነው። ባለቤትዎ «አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም» ቢሉ ልክ ናቸው። የእኔ ጥያቄ ያ ቀን የግድ የሚቀጥለው ወር፣ የግድ በዚህ እቁብ ይሁን ወይ ነው።

ይህንኑ እርሳቸውንም ቢጠይቋቸው ጥሩ ይመስለኛል። «አዲስ ግዢ» ሲሉ ኮምፒውተሩን ነው የሚያዩት ወይስ ሱቅ ዘግተው ያለቀሱትን ሚስታቸውን? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። የታስክ ማናጀሩን ፎቶ ያሳዩዋቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቅ ይምጡና ኮምፒውተሩ ሲበራ ስልካቸውን ይዘው ደቂቃውን ይቁጠሩ፤ ጥገናው ካለቀ በኋላም እሳቸው ራሳቸው ደግመው ይቁጠሩ። ለውጡ የሚያረካ ካልሆነ እንደገና እንደምትመካከሩ ይንገሯቸው። ኤስኤስዲውም ራሙም አይጠፋም፤ ተነቅሎ ይሸጣል ወይም ኤስኤስዲው ወደሌላ ማሽን ይዛወራል።

የአባትዎን ነገር የጠየቁኝን አልዘለልኩትም። ከብዶዎት ነው ወይስ እውነት ይድናል ብለውኛል፤ ከብዶዎታል፣ ይድናልም። ሁለቱ አይጣሉም። የሚወጣው አንድ ዲስክ ነው፤ ሣጥኑ፣ እሳቸው መርጠው ያመጡት፣ እዚያው ጠረጴዛዎ ላይ ይቀራል። የሚወጣውን ዲስክ ግን ለጠጋኙ አይተዉለት፣ ለቆራሌውም አይስጡት። የስንት ሰው መታወቂያ፣ ውልና ስልክ ቁጥር አለበት። ወደ ቤት ይውሰዱትና ይቆልፉበት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ፋይሎቹን ይገልብጡ፤ ለዚህ እቁቡን መጠበቅ አያስፈልግም። ባትሪዋንም ቢሆን ዛሬ መግዛት ይችላሉ። ኤስኤስዲና ራሙ ሲገዙ ደንበኛ የማይበዛበትን ቀን፣ ምናልባት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይምረጡና ጠጋኙ እርስዎ ፊት ይሥራ፤ ማሽኑን ይዞ አይሂድ። ፓወር ግዕዙ፣ ፕሪንተሩና ፎንቶቹ ሠርተው አንድ ገጽ አትመው ሳያዩ አይሸኙት። ከተረፈው ለሱቁ ሌላ ነገር መጨመር ቢያምርዎት ዩፒኤስ ይሁን፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ነው፤ ዲስክን የሚጎዳው መብራቱ እየሄደ መምጣቱ ነውና።

ከዚያ የሚቀረው የልጅዎ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲፈልጉላት ሻጩ «ኮር አይ5 ነው» ቢልዎ አይብቃዎት፤ ትውልዱን ይጠይቁ። ስምንተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፣ ተመርቃ ሥራ እስክትይዝ ያደርሳታል። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ይኑረው። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለመገመት ሱቁ ውስጥ ገመዱን ነቅለው ትንሽ ይጠብቁ። የሞዴሉን ስም ከመክፈልዎ በፊት ቢጽፉልኝ አይቼ እመልስልዎታለሁ።